በአንዲት ትንሽ ራስ ላይ ቅቤና ሳሙና

ልጄ የተወለደች ሰሞን ከሁሉ በላይ የምፈራው ባክቴሪያን ነበር። ባለቤቴ ይህን ባነሳሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ይስቅብኛል፤ ሥራዬን ያየ ሰው ግን አይፈርድብኝም። ከገጠር የሚመጣውን ወተት ተቀብሎ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከእያንዳንዱ ወተት ጠብታ ወስጄ ክብ ሳህን ላይ አፈሳለሁ፣ ሳህኑን ሙቀቱ በተመጠነ ሳጥን ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ በማግሥቱ ከፍቼ የበቀለውን አያለሁ። በዓይን የማይታይ ነገር በአንድ ሌሊት ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ሲወጣ ዓመታት ሙሉ ያየ ሰው፣ እጅ በጨበጠ ቁጥር ቢታጠብ አይገርምም።

ከሁሉም የባሰው ደግሞ ጥሬ ቅቤ ነው። አንድ ጊዜ ለልምምድ የመጡ ተማሪዎች እንዲያዩት ብዬ ከገበያ የተገዛ ቅቤ ሳህን ላይ ዘርቼ ነበር። በማግሥቱ ስንከፍተው ነጠብጣብ የሚባል ነገር የለም፤ ሳህኑ ዳር እስከ ዳር ተሸፍኗል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተነጠረ ቅቤ ቤቴ አይገባም ብዬ ወሰንኩ። የዘነጋሁት ነገር ቢኖር፣ በእኛ አገር ቅቤ ድስት ውስጥ ብቻ የሚገባ አለመሆኑን ነው።

እናቴ ጉልበቷን ታማ ከደሴ መምጣት ስላልቻለች ያረሱኝ አማቴ ናቸው። አማቴ ተወልደው ያደጉት ዛሬ የእኛ ኮንዶሚኒየም በቆመበት አካባቢ፣ ቡልቡላ ገና ጤፍ በሚዘራበትና ከብት በሚሰማራበት ዘመን ነው። አሁን ከትልቋ ልጃቸው ጋር ሳሊተ ምሕረት ይኖራሉ። አማርኛቸው የተጣራ ነው፤ ሲወዱና ሲቆጡ ብቻ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። እኛ ቤት ሲመጡ አራተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ይቆሙና፣ “ያ መኪና የሚታጠብበት ጋ ጊደሮቻችን ውኃ ይጠጡ ነበር” ይሉኛል፤ ሱቁ ወዴት እንደተዛወረ ለጎረቤት እንደሚነግር ሰው፣ ያለ አንዳች ሐዘን። ከሆስፒታል በተመለስኩ ማግሥት አንድ ሻንጣና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የሸኖ ቅቤ ይዘው ከተፍ አሉ። ቅቤውን ላምበረት ድረስ ሄደው፣ አውቶቡሱ እንደገባ ከደንበኛቸው እጅ ነው የተቀበሉት።

ገንፎዬን አብልተውኝ ሲያበቁ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ከቅቤው በጣታቸው ቆንጠር አደረጉና እርግብግቢቷ ላይ፣ አናቷ መሃል ገና ያልገጠመው ለስላሳ ቦታ ላይ፣ አኖሩት። ቅቤው እየቀለጠ ወደ ግንባሯ ወረደ። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ ያ ዳር እስከ ዳር የተሸፈነው ሳህን ነው።

“እማማ፣ አሁን አሁን ሐኪሞቹ ቅቤ አይመክሩም እኮ” አልኳቸው፣ የቻልኩትን ያህል ድምፄን አለስልሼ።

“ስድስት ልጅ በዚሁ ነው ያሳደግኩት። አንዱን አንቺ አግብተሽዋል፤ ምን ጎደለው?”

ባለቤቴ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። የጎደለውን መዘርዘር እንዳልጀምር ፈርቶ መሰለኝ ወዲያው ወጣ።

እሳቸው ደግሞ የእኔን ሳሙና አልወደዱትም። ጀርምን ድራሹን ያጠፋል ተብሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈበት ሳሙና ነው። አገላብጠው አዩትና፣ “ሕፃን እንደ ጋቢ አይፈተግም፤ ወዟን ትጨርሽዋለሽ” አሉኝ። በዚሁ ተደራደርን። እሳቸው አራስ እንዳይከፋት ብለው ቅቤውን ሊተዉ፣ እኔ ትልቅ ሰው እንዳይቀየም ብዬ ሳሙናውን ልተው። እሺ አሉኝ፤ እሺ አልኳቸው። ሁለታችንም እሺ ያልነው እንዲያው ለመከባበር ነበር።

ቤታቸውን ትተው መጥተው ገንፎ የሚያገነፉልሽን፣ ወገብሽን በሙቅ ውኃ የሚያሹልሽን ትልቅ ሰው ፊት ለፊት “አይሆንም” ማለት ከአፍ አይወጣም። ስለዚህ ሰው በአፉ እሺ ይልና የልቡን በጎን ይሠራል። አማቴ በየጠዋቱ ኪዳን ለማስደረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በሩ ሲዘጋ የእኔ ሥራ ይጀመራል። ጀሪካን ውስጥ ያጠራቀምኩትን ውኃ አሞቃለሁ፣ ሳፋውን መኝታ ቤት አስገባለሁ፣ የልጄን ራስ በዚያ ሳሙና ሁለት ዙር አጥባለሁ። አድርቄ ኮፍያዋን አጠልቅላታለሁ። እሳቸው ሲመለሱ ልጅቷ ተኝታለች፣ እኔም የተኛሁ መስያለሁ። ረፋድ ላይ እኔ ገላዬን ለመታጠብ ስገባ ደግሞ የእሳቸው ተራ ይደርሳል። ኮፍያውን ገለጥ፣ ቅቤውን ቆንጠር፣ እንደገና ሸፈን። እንግዲህ አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ትቀባለች፤ ልጅቷ መሃል ላይ ናት።

በሦስተኛው ሳምንት ራሷ ላይ ቅርፊት ወጣ። መጀመሪያ እንደ ፎሮፎር ቀለል ያለ ነበር፤ ከዚያ ወፈረ፣ ቢጫ ሆነ፣ ወደ ቅንድቧ ወረደ። ከጆሮዋ ኋላ ያለው ቆዳ ቀልቶ ተሰነጠቀ። አማቴ ቅርፊቱን ሲያዩ “ደርቃ ነው” አሉ። እኔ በሆዴ “ቆሽሻ ነው” አልኩ። እሳቸው ቅቤውን ጨመሩ፣ እኔ ከሰዓት በኋላም ማጠብ ጀመርኩ። ልጄ ትቅበጠበጥ ጀመር፤ ጡት እየጠባች መሃል ላይ ትተወውና ራሷን ክንዴ ላይ ታሽ ነበር።

ክርስትናዋ እየቀረበ ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የአማቴ ዘመድ በሙሉ ሊያያት ይመጣል፣ እህቴም ከደሴ ትመጣለች። መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ኮፍያዋን ማንሣት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም በሌላ ሰው ልጅ ላይ ያደረግኩት ነው። ግን ከሰው ዓይን በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። የየገበሬው ወተት ንጹሕ መሆን አለመሆኑን የምፈርድ ሴት የራሴን ልጅ ቆዳ መጠበቅ አቃተኝ። አንድ ጠዋት ከጆሮዋ ኋላ ደም ጠብ ሲል አየሁና ሳፋው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህችን ልጅ እያበላሸኋት ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ መልሱንም ፈራሁት።

በዚያው ሳምንት ቦሌ ወደሚገኝ የሕፃናት ክሊኒክ ወሰድናት፤ እኔና አማቴ። ሐኪሟ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ልጅቷን መብራት ሥር አድርገው አገላብጠው አዩዋት።

“ምን ምን ታደርጉላታላችሁ?” አሉን።

“ምንም” አልኩ።

“ምንም” አሉ አማቴ።

ሐኪሟ ጣታቸውን በልጄ ራስ ላይ አሳለፉ። ጣታቸውን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩት፤ ያብለጨልጫል። ከዚያ የተሰነጠቀውን ቆዳ አዩ፣ ከዚያ እኛን።

“እንግዲያው ይህን ምንም የምትሉትን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተዉላት” አሉ።

ቀጥለው ያስረዱን ነገር እኔ በዩኒቨርሲቲ ተምሬ ፈተና ያለፍኩበት ነው። የሰው ቆዳ ሁልጊዜ ወዝ ያመነጫል። ቆዳው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወዙን ይበሉታል፤ ሲበሉት ይኮመጥጣል፤ ያ ኮምጣጣነት መጥፎውን ጀርም ያርቃል። “ወዙ ቀለባቸው ነው፤ እነሱ ደግሞ ዘበኞቿ ናቸው” አሉ ሐኪሟ። “በሳሙና ስትፈትጓት ቀለቡንም ዘበኛውንም አብራችሁ ታወጣላችሁ። ቅባት ስታበዙባት ደግሞ ቅባት የሚወድ ሌላ ፈንገስ አለ፣ እሱን ታደልቡታላችሁ። ቅርፊቱ የእሱ ሥራ ነው። ሕፃን ስትወለድ ከእናቷ ባገኘችው ሆርሞን ወዟ ይበዛል፤ እያደር ይቀንስላታል። ለብ ባለ ውኃ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሌላ የለም።”

አማቴ በጥሞና ሰሙና፣ “እንደ እርጎ ማለት ነው” አሉ። የእርጎ ዕቃ ከመጠን በላይ ከተፈተገ በኋላ የሚገባበት ወተት በወጉ አይረጋም፤ ይሰነጣጠቅና ይበላሻል ብለው ለሐኪሟ አስረዱ። ሐኪሟ በጣም ደስ አላቸው። እኔ ግን አፈርኩ። ዕድሜ ልኬን ወተት ውስጥ የሚኖረውን ነገር ስመረምር የኖርኩ ሰው፣ እርጎ የሚያረጋልንም ባክቴሪያ መሆኑን ልጄ ራስ ላይ ስደርስ ረስቼዋለሁ።

የሚገርመው፣ ከክሊኒኩ ስንወጣ ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር። እኔ ሐኪሟ ስለ ቅቤው ስለነገሩልኝ ደስ አለኝ። አማቴ ስለ ሳሙናው ስለነገሩላቸው ደስ አላቸው። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተያየንና ፈገግ አልን። ተግሣጹ ከጎኗ ለተቀመጠችው መሆኑን ሁለታችንም አልተጠራጠርንም።

ሁለት ቀን ያህል እውነትም ተውናት። በሦስተኛው ቀን ኮፍያዋን ሳነሣ ግንባሯ ወዛ ወዛ ብሏል። ቀቧት ማለት ነው ብዬ ተናደድኩና አጠብኳት። ዛሬ ሳስበው ያ ወዝ የራሷ የልጅቷ ነበር፤ ሐኪሟ ጠብቁላት ያሉን ያው ወዝ። አማቴ ደግሞ ከሰዓት ቆዳዋን ነክተው ደረቅ ሆኖ አገኙት፤ አጠበቻት ማለት ነው ብለው ቀቧት። በዚህ ዓይነት ወደ ነበርንበት ተመለስን፤ ቅርፊቱም ቦታውን አለቀቀም።

በክርስትናው ቀን በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህኑ ሜሮን ቀብተው፣ ማዕተቧን አስረው ለክርስትና እናቷ አስረከቧት። ቤት ስንመለስ ሳሎኑ በዘመድ ሞልቷል። የፈራሁትም አልቀረም፤ የባለቤቴ አክስት ሳሟትና ኮፍያዋን አነሡ።

“ምነው ልጄ፣ ራሷ ምን ሆነ? እናቷ አታያትም እንዴ?” አሉ፣ ጮክ ብለው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የያዝኩትን ትሪ የማስቀምጥበት ጠፋኝ። አማቴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ “ምራቴ ላይ ቃል እንዳትወረውሪ” አሉ። “ልጇን እንደ እሷ የምትጠብቅ ሴት አላየሁም። የቀባኋት እኔ ነኝ፤ የምትናገሪው ካለሽ እኔን ተናገሪኝ።” ከዚያ ጨዋታው እንደገና ተጀመረ። እኔ ትሪውን ይዤ ማድ ቤት ገባሁና የዕቃ መደርደሪያውን ተደግፌ ትንሽ አለቀስኩ። ቅቤው እንዳልቀረ በአንደበታቸው ሲናገሩ ሰምቼ እንኳን አልተናደድኩም። ለእኔ ሲሉ በዘመድ ፊት ተናዝዘዋል፤ እኔ ግን ስለ ሳሙናዬ መተንፈስ አልደፈርኩም።

ማታ እንግዳ ሲሸኝ አማቴ ጠርተውኝ አንድ ነገር ነገሩኝ። ሜሮን የተቀባ ሕፃን ወዲያው አይታጠብም። ሌላ ቤት ሦስት ቀን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በአማቴ ቤት ወግ ግን ሰባት ቀን ነው። ሰባት ቀን ውኃ አይነካትም፤ ከሜሮን ላይ ደግሞ ሌላ ቅባት አይደረብም። ይህን ሁለተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ቀነሰ። እኔ ባክቴሪያ እፈራለሁ፤ ሜሮን ግን ከዚያ አብልጬ እፈራለሁ። “እሺ” አልኩ፤ ይህን እሺ ከልቤ ነው ያልኩት። ሳሙናውን ወስጄ ከልብስ ማጠቢያው ጋር አስቀመጥኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጄ የሚይዘው አጣ። አማቴ ከኪዳን እስኪመለሱ ሳፋውን እያየሁ እቀመጣለሁ። እሳቸውም እኔ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ቤተ እግዚአብሔር እንደገባ ሰው። በአራተኛው ቀን ከጆሮዋ ኋላ ያለው ቅላት ደብዘዝ አለ። በአምስተኛው ቀን ጡቷን ሳታቋርጥ ጠባች። በስድስተኛው ቀን ኮፍያዋን ሳወልቅ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ እየለቀቀ ኮፍያው ውስጥ ቀርቷል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሟርት እንዳይሆንብኝ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አማቴ ኪዳን አልሄዱም። ውኃ አሞቁ፣ ሳፋውን ራሳቸው መኝታ ቤት አስገቡ፤ ሳፋው የት እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁኝ። ልጄን ጭኔ ላይ አጋድሜ ኮፍያዋን አወለቅኩ። ከአናቷ ጥግ ጥቂት ስስ ቅርፊት ቀርቷል እንጂ ሌላው ጠርቷል። ጠይምና ለስላሳ ቆዳ፣ ከላዩ እንደ ጭስ የሳሳ ፀጉር። አማቴ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

“እማማ” አልኩ። “እርስዎ ኪዳን ሲሄዱ በሳሙና አጥባት ነበር። በየቀኑ።”

“አውቃለሁ። ጀሪካኑ ሲጎድል አላይም?” አሉ። “እኔስ አንቺ ስትታጠቢ እቀባት እንደነበር አላወቅሽም?”

“ጠርጥሬ ነበር፤ በክርስትናው ቀን አረጋገጥኩ። ግን ቅቤው ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት አላለቀም?”

ያን ጊዜ ነው የባለቤቴ ጉድ የወጣው። ለእናቱ ቅቤውን ባለቀ ቁጥር ከላምበረት፣ ለእኔ ሳሙናውን ከቦሌ ፋርማሲ የሚያመጣው እሱ ነበር፤ በአንድ ፌስታል። ሥራ ቦታው ደውለን ስንጠይቀው፣ “ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ፣ ምን ላድርግ?” አለ። አማቴ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉት፤ እኔ ያልገባኝን እሱ በደንብ ገብቶት ስልኩን ዘጋ። ሳቃችን እስኪያልቅ ቆየን።

ከዚያ አማቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ “እኔና አንቺ ስንተዋት ዳነች” አሉ። እሳቸው ሜሮኑ ነው ይላሉ። እኔ እምነቴንም ትምህርቴንም ስለማልክድ ሜሮኑ እጃችንን ሰበሰበልን፣ የቀረውን ዘበኞቿ ጨረሱት እላለሁ። በዚህ አልተጣላንም።

ላጥባት ውኃውን በክርኔ ለካሁ። ወደ ሳፋው ከማስገባቴ በፊት ልስማት ጎንበስ ስል አፍንጫዬ አናቷ ላይ አረፈ። የማላውቀው ጠረን ነው። ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል፤ ከማንም ያልተዋሰችው፣ የራሷ። ከተወለደች ጀምሮ በሳምኳት ቁጥር ያሸተትኩት ወይ ቅቤውን ነው ወይ ሳሙናውን። ልጄን ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ አሽትቻት አላውቅም። እንደዚያ እንደተደፋሁ ቀረሁ።

“ምን ሆንሽ?” አሉ አማቴ ደንግጠው።

“ያሽትቷት” አልኩና ሰጠኋቸው።

አናቷ ላይ አፍንጫቸውን አኖሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲቆዩ፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ ነሽ ለካ” አሏት። ከዚያ መለሱልኝ፤ እኔም ደግሜ ሰጠኋቸው። ውኃው ሳፋው ውስጥ ቀዘቀዘ፤ ያን ቀንም ሳናጥባት ቀረን።